ግሬስ ሆፐር፤ ኮምፒዩተር የፕሮግራምን ስሕተት እንዲመረምር ያደረጉ ሴት

በእንጅባራ ከተማ በየዓመቱ ጥር 23 ቀን የአገው ፈረሰኞች በዓል ሲከበር ለተመልካች ጎልቶ የሚታየው ግልቢያውና የፈረሶቹ ጌጥ ነው። ፈረሰኛው ግን ወደ ሜዳው ከመግባቱ በፊት ልጓሙን፣ እርካቡንና የኮርቻውን ጠፍር አንድ በአንድ ይዳስሳል፤ የጠፍሩን መላላት በግልቢያ መካከል ማወቅ ምን እንደሚያስከትል ያውቃልና። በፕሮግራም ሥራ ላይ የተሰማራን የማኅበራችን አባላትም ይህን የመሰለ ፍተሻ አለን፤ ነገር ግን ከእጃችን አውጥተን ለኮምፒዩተር ካስረከብነው ቆይተናል። አንድ ባልደረባ በጋራ በሚሠራ ፕሮግራም ላይ ያደረገውን ለውጥ ከዋናው ጋር እንዲቀላቀልለት ሲያቀርብ፣ ማለትም ፑል ሪኩዌስት ሲከፍት፣ በሩቅ አገር የሚገኝ ኮምፒዩተር ፕሮግራሙን ከባዶ ገንብቶ፣ የተዘጋጁትን ፈተናዎች ሁሉ አስኪዶ፣ ለውጡ አለፈ ወይም ወደቀ ሲል ያስታውቃል። አረንጓዴ ምልክት ያላገኘ ለውጥ ወደ ዋናው ፕሮግራም አይገባም።

ይህን አሠራር ዛሬ ሥራ የጀመረ ወጣት እንደ ተፈጥሮ ሕግ ይቈጥረዋል። ነገር ግን ኮምፒዩተር ፕሮግራምን ራሱ ይገጣጥም፣ ራሱም ይመርምር የሚለው ሐሳብ በአንድ ወቅት እንደ ቅዠት የታየ ነበር። ለዚህ ሐሳብ ዕድሜያቸውን ከሰጡት ሰዎች መካከል በባሕር ኃይል አድሚራልነታቸው የሚታወቁት ግሬስ ሆፐር ቀዳሚውን ስፍራ ይይዛሉ። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት የተለየ ነገር ካልተገለጸ በቀር እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ግሬስ ብሩስተር መሪ በኒውዮርክ ከተማ ዲሴምበር 9 ቀን 1906 ተወለዱ። ይህም በእኛ አቈጣጠር ኅዳር 30 ቀን 1899 ዓ.ም. ሲሆን፣ ከዐድዋ ድል ዐሥር ዓመት ያህል በኋላ መሆኑ ነው። ለወላጆቻቸው የመጀመሪያ ልጅ ነበሩ። በሰባት ዓመታቸው የደወል ሰዓት እንዴት እንደሚሠራ ለማወቅ ፈልገው አንዱን ፈቱት፤ መልሶ መግጠሙ ስላልተሳካላቸው ምስጢሩ የሚገኝ መስሏቸው ሁለተኛውን ፈቱ፤ እናታቸው እስኪደርሱባቸው ድረስም በቤቱ የነበሩት ሰባት ሰዓቶች ሁሉ ተበታትነው ተገኙ። እናትዮዋ ልጃቸውን ከመቅጣት ይልቅ ከዚያ በኋላ አንድ ሰዓት ብቻ እንዲፈቱ ወሰኑላቸው። ልጅን ከምርምር ሳያግዱ ጥፋቱን በአንድ ሰዓት መወሰን በእኔ አስተያየት ከፍ ያለ ጥበብ ነው። አባታቸው በሕመም ምክንያት ሁለት እግሮቻቸውን ያጡ ሰው ነበሩ፤ ሴቶች ልጆቻቸውም እንደ ወንድ ልጃቸው ተምረው ራሳቸውን የሚችሉ እንዲሆኑ አጥብቀው ይመኙ ነበር።

ግሬስ ወደ ቫሳር ኮሌጅ ለመግባት በመጀመሪያ ሲያመለክቱ በላቲን ቋንቋ ፈተና ወደቁ፤ በሚቀጥለው ዓመት ግን ተሳካላቸው። በ1928 በሒሳብና በፊዚክስ ተመረቁ። ከዬል ዩኒቨርሲቲ የማስተርስ ዲግሪያቸውን በ1930፣ በሒሳብ የዶክትሬት ዲግሪያቸውን ደግሞ በ1934 ተቀበሉ። በ1930 ቪንሰንት ሆፐር የተባሉትን መምህር አግብተው ስማቸውን የወረሱ ሲሆን፣ ጋብቻው በ1945 በፍች ተፈጽሟል። ከ1931 ጀምሮ በቫሳር ሒሳብ ያስተምሩ ነበር፤ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ባይመጣ ኖሮም ምናልባት በዚያው በመምህርነት በኖሩ ነበር።

አሜሪካ ወደ ጦርነቱ ከገባች በኋላ ሆፐር በባሕር ኃይል ለማገልገል ቈረጡ። ዕድሜያቸው ወደ አርባ የተጠጋ ከመሆኑም በላይ ክብደታቸው ከተወሰነው መጠን በ15 ፓውንድ ያነሰ ስለ ነበር በልዩ ፈቃድ ነበር የተቀበሏቸው። በ1943 ገብተው፣ በ1944 የመኮንኖችን ሥልጠና በአንደኛነት ፈጸሙ። ከዚያም በሐርቫርድ ዩኒቨርሲቲ በሃዋርድ አይከን ይመራ ወደ ነበረው የባሕር ኃይል የስሌት ክፍል ተመደቡ። በዚያ የጠበቃቸው ማርክ አንድ የተባለው ኮምፒዩተር ርዝመቱ 15 ሜትር ተኩል፣ ክብደቱ ወደ አምስት ቶን የሚደርስ ሲሆን፣ በአንድ ሰከንድ ሦስት ጊዜ ብቻ ይደምር ነበር። ትእዛዙን የሚቀበለው በተበሳ የወረቀት ጥቅል ነው፤ አንዲት ቀዳዳ ያለ ቦታዋ ከተበሳች ስሌቱ ሁሉ ይበላሻል። ሆፐር ከሪቻርድ ብሎክና ከሮበርት ካምቤል ጋር ሆነው ለዚህ ኮምፒዩተር ፕሮግራም ከጻፉት የመጀመሪያዎቹ ሰዎች አንዷ ሆኑ፤ ከአምስት መቶ ገጽ በላይ የሆነውንም የአጠቃቀም መጽሐፉን አዘጋጁ።

በዚያው በ1944 ጆን ፎን ኖይማን የተባሉት ታላቅ የሒሳብ ሊቅ አንድ አስቸጋሪ ስሌት ይዘው ወደ ሐርቫርድ መጡ። ስሌቱ ለአቶም ቦምብ ሥራ የሚውል ሲሆን፣ ለሆፐርና ለጓደኞቻቸው ግን ዓላማው አልተነገራቸውም ነበር፤ በጥንቃቄ ሠርተው አስረከቡ። የሆፐርን ታሪክ የሚጽፉ ብዙዎች ይህን በአንድ ዓረፍተ ነገር ያልፉታል። እኔ ግን በዚህ ስፍራ ቆም ማለት ተገቢ ይመስለኛል። ፈተናው ሁሉ ያለፈ፣ ስሕተት ያልተገኘበት ሥራ ለምን እንደሚውል ፈተናው ራሱ ሊነግረን አይችልምና፤ ይህ ጥያቄ ለሰው የቀረ ነው።

ለኋላው ሥራቸው መነሻ የሆነው ግን ከዚህ ይልቅ ተራ የሚመስል ነገር ነው። በማርክ አንድ ዙሪያ የነበሩት ፕሮግራም ጸሐፊዎች ተደጋግመው የሚያስፈልጓቸውን ስሌቶች፣ ለምሳሌ የሳይንና የኮሳይን ስሌትን፣ አንድ ጊዜ ከጻፉና ትክክል መሆኑን ካረጋገጡ በኋላ በደብተር ያስቀምጡት ነበር። አዲስ ፕሮግራም ሲያስፈልግ አንዱ ከሌላው ደብተር ይገለብጣል። ኋላ ላይ በመጡት ኮምፒዩተሮች ደግሞ ሲገለብጡ የየትእዛዙን የቦታ ቍጥር በአዲሱ ፕሮግራም ልክ በእጅ እየደመሩ ማስተካከል ግድ ሆነ። ሆፐር በዚህ ጊዜ አንድ ነገር አስተዋሉ። እነዚያ የሒሳብ ምሁራን መገልበጥም መደመርም በትክክል አይችሉም ነበር። አራት ቍጥር ዘጠኝ ሆኖ ይጻፋል፤ አንድ መሥመር ይዘለላል፤ ትክክለኛነቱ የተረጋገጠው ጽሑፍ በመገልበጥ ብቻ ስሑት ይሆናል። በብራና ዘመን መጻሕፍትን ይገለብጡ የነበሩት የእኛ ጸሐፍትም ይህን ጣጣ ጠንቅቀው ያውቁት ነበር። ሆፐር ለመደመርና ለመገልበጥ የተሠራ መሣሪያ አጠገባቸው ቆሞ ሳለ ሰው ለምን ይህን ይሠራል ሲሉ ጠየቁ።

ስለ ሆፐር ሲነሣ ስለ እሳት ራቷ ሳይነገር አይታለፍም። ሴፕቴምበር 9 ቀን 1947 በሐርቫርድ በማርክ ሁለት ኮምፒዩተር ውስጥ፣ በ70ኛው ሪሌይ ላይ አንዲት የእሳት ራት ተጣብቃ ሥራ አስተጓጕላ ተገኘች፤ ሠራተኞቹም በመዝገቡ ላይ በፕላስተር ለጠፏት። መዝገቡ በዋሽንግተን በሚገኘው የአሜሪካ ብሔራዊ የታሪክ ሙዚየም ይገኛል። የፕሮግራም ስሕተት በእንግሊዝኛ በነፍሳት ስም የመጠራቱ ምክንያት ይህ ነው፣ ስያሜውንም የሰጡት ሆፐር ናቸው የሚለው ግን እውነት አይደለም። ቃሉ በመሐንዲሶች ዘንድ ከቶማስ ኤዲሰን ዘመን ጀምሮ ይነገር የነበረ ሲሆን፣ ራቷንም ያገኟት እርሳቸው አልነበሩም፤ ታሪኩን በየመድረኩ አሣምረው እያወሩ ያሳወቁት ግን እርሳቸው ናቸው።

በሐርቫርድ ለሴት ቋሚ የሥራ መደብ የሚሰጥ አልነበረምና በ1949 ውላቸው ሲያበቃ ወደ ፊላደልፊያ ሄደው በኤከርትና ሞክሊ የኮምፒዩተር ኩባንያ በከፍተኛ የሒሳብ ባለሙያነት ተቀጠሩ። ሕይወታቸውን ያጠኑ ጸሐፊዎች እንደሚገልጹት በእነዚህ ዓመታት በመጠጥ ምክንያት ብዙ ተቸግረዋል፤ ከዚያም የወጡት በወዳጆቻቸው ድጋፍ ነው። ኩባንያው ዩኒቫክ የተባለውን ኮምፒዩተር እየሠራ ሳለ በ1950 ሬሚንግተን ራንድ ለተባለው ትልቅ ድርጅት ተሸጠ።

በ1951 እና በ1952 ሆፐር ኤ ዜሮ ብለው የሰየሙትን ሥራ ፈጸሙ። አሠራሩ እንዲህ ነበር። አንድ ጊዜ ተመርምረው ትክክል መሆናቸው የተረጋገጠ አጫጭር ስሌቶች በማግኔት ጥቅል ላይ ይቀመጣሉ፤ ለእያንዳንዱም መጥሪያ ቍጥር ይሰጠዋል። ፕሮግራም ጸሐፊው የሚፈልጋቸውን በመጥሪያ ቍጥራቸው በቅደም ተከተል ይጽፋል። ኮምፒዩተሩ ከጥቅሉ ላይ ፈልጎ ያወጣቸዋል፤ የቦታ ቍጥራቸውን ራሱ እየደመረ ያስተካክላል፤ አገጣጥሞም ሙሉ ፕሮግራም ያደርጋቸዋል። ሆፐር ይህን ኮምፓይለር አሉት፤ ዛሬ በዚህ ስም ከምንጠራው ይልቅ ግን ሊንከር ለምንለው ይቀርባል። ያም ሆነ ይህ ዛሬ በየፑል ሪኩዌስቱ ሳናስበው የሚከናወነው ግንባታ ከዚህ የሚጀምር ነው። በሜይ 1952 በፒትስበርግ ከተማ በተደረገ የባለሙያዎች ስብሰባ ላይ ስለ ኮምፒዩተር ትምህርት ባቀረቡት ጽሑፍ ሐሳባቸውን በሰፊው አስረዱ። ሰሚ ለማግኘት ግን ጊዜ ፈጀባቸው፤ ኮምፒዩተር ሒሳብ ይሠራል እንጂ ፕሮግራም አይጽፍም የሚለው እምነት ሥር የሰደደ ነበርና።

የዚህ ሥራ ተከታይ የሆነው ኤ ሁለት በ1953 መጨረሻ ለዩኒቫክ ደንበኞች ሲላክ አንድ የተለየ ነገር ተደርጎ ነበር። ደንበኞቹ የተሰጣቸው የሚሠራው ፕሮግራም ብቻ ሳይሆን ምንጩም ጭምር ነው፤ ያሻሻሉትን ነገር ወደ ኩባንያው መልሰው እንዲልኩም ተጋበዙ። ምንጩን ለተጠቃሚ ገልጦ፣ ማሻሻያውን ከተጠቃሚ ተቀብሎ ማዋሐድ፣ ይህ ከጊትሀብ መመሥረት 55 ዓመት በፊት የሆነ ነገር ነው። ማሻሻያው በፖስታ መጓዙ ነው ልዩነቱ።

ከዚህ ቀጥሎ ሆፐር ፕሮግራም በሒሳብ ምልክት ሳይሆን የሥራ ሰዎች በሚረዱት ቃል እንዲጻፍ ሐሳብ አቀረቡ፤ አለቆቻቸውም አልተቀበሉትም። በ1955 መጀመሪያ ላይ ሆፐርና ባልደረቦቻቸው ለማሳያ የሚሆን ትንሽ ሥራ አዘጋጅተው፣ ያንኑ ፕሮግራም በእንግሊዝኛ፣ ቀጥሎም በፈረንሳይኛና በጀርመንኛ ቃላት ጽፈው አሳዩ። ለእርሳቸው ነገሩ ግልጽ ነበር፤ ቃላቱ ለኮምፒዩተሩ ምልክቶች ብቻ ናቸውና ቋንቋው ምንም ቢሆን ግድ የለውም። አለቆቹ ግን በአሜሪካ የተሠራ ኮምፒዩተር ፈረንሳይኛና ጀርመንኛ እንዴት ይችላል ብለው ደነገጡ፤ ሆፐርም ከእንግሊዝኛ በቀር ሌላ ቋንቋ እንደማይሠሩ ቃል እስኪገቡ ድረስ ሥራው አልተፈቀደላቸውም። በአማርኛና በአገውኛ መካከል እየተመላለሰ ለሚኖር የአዊ ሰው ይህ ታሪክ ሳቅም ትካዜም ያመጣበታል። ከዚህ ሙከራ ፍሎው ማቲክ የተባለው ቋንቋ ተገኘ።

በ1959 ልዩ ልዩ ፋብሪካዎችና የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች በአንድ የጋራ የሥራ ቋንቋ ላይ እንዲስማሙ ስብሰባ ሲጠራ ሆፐር በአማካሪነት ተካፈሉ። የተገኘውም ኮቦል ነው። ኮቦልን ሆፐር ብቻቸውን ፈጠሩት የሚባለው ትክክል አይደለም፤ ቋንቋውን ያዘጋጀው ጂን ሳሜትን የመሳሰሉ ባለሙያዎች የነበሩበት ኮሚቴ ነው። ፍሎው ማቲክ ግን ዋና መሠረቱ ሆኗል። በዲሴምበር 1960 አንድ የኮቦል ፕሮግራም በጥቂት ለውጥ ብቻ በሁለት ልዩ ልዩ ፋብሪካዎች ኮምፒዩተሮች ላይ፣ በአርሲኤና በዩኒቫክ፣ መሥራቱ ታየ።

አሁን ከርእሳችን ጋር ይበልጥ ወደሚገናኘው ዘመን እንመጣለን። ሆፐር በ1966 መጨረሻ በ60 ዓመታቸው ከባሕር ኃይል ጡረታ ወጡ። ሆኖም በ1967 ለስድስት ወር ብቻ ተብለው ተመልሰው ተጠሩ፤ ስድስት ወሩም ወደ ሃያ ዓመት ተጠጋ። የተጠሩበት ምክንያት የኮቦል መበታተን ነው። እያንዳንዱ ፋብሪካ ኮምፓይለሩን በገዛ ፈቃዱ ስለሚሠራው፣ በአንዱ ኮምፒዩተር የሚያልፍ ፕሮግራም በሌላው ይወድቅ ነበር። የባሕር ኃይሉ ደግሞ ከልዩ ልዩ ፋብሪካዎች የተገዙ ኮምፒዩተሮች ነበሩት። በ1968 ለኮቦል ብሔራዊ ደረጃ ወጣለት፤ ነገር ግን ደረጃ በወረቀት ላይ መጻፉ ብቻውን ምን ይፈይዳል? ሻጭ ሁሉ ኮምፓይለሬ ደረጃውን ይከተላል ይላል፤ የሚያረጋግጥ ግን አልነበረም።

ሆፐር እስከ 1977 በመሩት የባሕር ኃይል የፕሮግራም ቋንቋዎች ክፍል የተሠራው መፍትሔ ቀላል ነው። ፈተናዎቹ ራሳቸው በኮቦል የተጻፉ ፕሮግራሞች ሆኑ። እያንዳንዱ ፈተና ከቋንቋው አንዲት ነጥብ ብቻ ይወስዳል፤ ለምሳሌ ሁለት ቍጥር ይደምራል፤ ሊገኝ የሚገባውን መልስ አስቀድሞ ይዟልና ከተገኘው ጋር ያስተያያል፤ አለፈ ወይም ወደቀ ብሎ ያትማል፤ በመጨረሻም ስንት እንዳለፉና ስንት እንደ ወደቁ ይቈጥራል። የአንዱ ኮምፒዩተር ልማድ ከሌላው በሚለይበት ስፍራ ሁሉ በፈተናው ውስጥ ክፍት ቦታ ይተዋል፤ የሚነዳው ፕሮግራም ለየኮምፒዩተሩ ተስማሚውን ቃል እየሞላ ፈተናውን ያዘጋጃል። መርማሪው ሺህ ገጽ አያነብም፤ የወደቁትን ብቻ ይመለከታል። በ1970ዎቹ ይህ ምርመራ ከባሕር ኃይሉ አልፎ ለአሜሪካ መንግሥት መሥሪያ ቤቶች ሁሉ በሚሸጡ የኮቦል ኮምፓይለሮች ላይ መፈጸም ጀመረ። በኋላም ኀላፊነቱ ወደ ብሔራዊ የደረጃዎች መሥሪያ ቤት ተላለፈ።

የፈተናው ጥቅም ሻጩን በማሳፈር ብቻ አልተወሰነም። ትልቅ ስም ያለውም ሆነ ገና የተቋቋመው ፋብሪካ በአንድ ወንፊት ይነፋ ነበር። ይህ ነገር ለእኛ ቅርብ ነው። ከእንጅባራ ወይም ከዳንግላ የሚላክ ለውጥ በዓለም ታዋቂ በሆነ ፕሮግራም በር ላይ ሲደርስ መጀመሪያ የሚቀበለው ኮምፒዩተር ነው፤ ኮምፒዩተሩም የላኪውን አገር፣ ዲግሪና ዝና አይጠይቅም። ጥያቄው ይገነባል ወይስ አይገነባም፣ ያልፋል ወይስ ይወድቃል የሚል ነው። ከዚያ በኋላ የሚመለከተው ሰው አድልዎ አያደርግም ማለቴ አይደለም፤ ግን ወዲያ የሚልበት ምክንያት አንድ ይቀንስበታል።

በራሳችን ቤትም ያው ነው። የቀን መቍጠሪያችንን ከአውሮፓውያኑ ጋር የሚያስተያይ ፕሮግራም የሚጽፍ ሰው ፈተናውን በተራ ቀን ላይ ቢያደርግ ምንም አያገኝም። ጳጕሜን 6 ቀን 2015 ዓ.ም. ሴፕቴምበር 11 ቀን 2023፣ መስከረም 1 ቀን 2016 ዓ.ም. ደግሞ ሴፕቴምበር 12 ቀን 2023 መሆኑን ሊፈትን ይገባዋል። በብዙ ፕሮግራሞች ስሕተቱ የሚደበቀው በዚህች በአራት ዓመት አንድ ጊዜ በምትመጣ ቀን ነውና። የአገውኛን ጽሑፍ የሚያስተናግድ ፕሮግራምም አማርኛ የማይገለገልበትን የጘን ቤት ፊደል እንዳይጥል አንዲት የፈተና መሥመር ትበቃዋለች፤ አውጚ የሚለው የቋንቋው ስም ራሱ ያለ ጚ አይጻፍምና። እንዲህ ያለው ፈተና አንድ ጊዜ ተጽፎ ከፕሮግራሙ ጋር ከተቀመጠ በየፑል ሪኩዌስቱ ይሄዳል፤ ጸሐፊው ሥራ ቢለቅም ፈተናው አይለቅም። መብራት በሚጠፋበትና ኢንተርኔት በሚደክምበት ጊዜም ሥራው የሚከናወነው በሩቅ ኮምፒዩተር ስለ ሆነ ለውጡን መላክ ከቻልን ምርመራው አይቋረጥም። ብልህ ሰው ግን ሳይልክ በፊት ያንኑ ፈተና በራሱ ኮምፒዩተር ላይ ያስኬዳል፤ ውጤት ለማወቅ ብቻ ኢንተርኔት እስኪመለስ መጠበቅ ያሰለቻልና።

ሆፐር በ1973 ካፒቴን፣ በ1983 ኮሞዶር ሆኑ፤ በ1985 ማዕርጉ ሪር አድሚራል ተብሎ ተጠራ። በእነዚህ ዓመታት በየዩኒቨርሲቲውና በየጦር ክፍሉ እየዞሩ ያስተምሩ ነበር። ኤሌክትሪክ በአንድ ናኖ ሰከንድ የሚጓዘውን ርቀት ለማሳየት 30 ሴንቲ ሜትር ያህል የሆኑ ቍራጭ ሽቦዎች ለአድማጮቻቸው ያድሉ ነበር። በቢሮአቸው ግድግዳ ላይ ወደ ኋላ የሚዞር ሰዓት ሰቅለው ነበር፤ ሰዓቱ ያለ ምንም ችግር ይነበባል፤ ሁልጊዜ እንዲህ ነበር የሚለውን ምክንያት የማይቀበሉ መሆናቸውን ለጐብኚ የሚያስረዳላቸው እርሱ ነው። በሰባት ዓመታቸው ሰዓት የፈቱት ልጅ አርጅተውም ከሰዓት አልራቁም።

ኦገስት 14 ቀን 1986 በቦስተን ወደብ በኮንስቲቲዩሽን መርከብ ላይ በተደረገ ሥነ ሥርዐት በ79 ዓመታቸው ከባሕር ኃይል ተሰናበቱ። ከዚያም ዲጂታል ኢኩዊፕመንት በተባለው ኩባንያ በአማካሪነት እየሠሩ ቆይተው፣ ጃንዋሪ 1 ቀን 1992፣ ማለትም ታኅሣሥ 22 ቀን 1984 ዓ.ም.፣ በ85 ዓመታቸው ዐረፉ። በአርሊንግተን ብሔራዊ የመቃብር ስፍራ በወታደራዊ ክብር ተቀበሩ። ስማቸው ለአንድ የጦር መርከብ የተሰጠ ሲሆን፣ በ2016 የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የነጻነት ሜዳይ ተሸልመዋል።

የባሕር ኃይሉ የኮቦል ፈተናዎች ደረጃው በተለወጠ ቍጥር እየታደሱ መጥተው፣ ለ1985ቱ ኮቦል የተዘጋጀው እትም ዛሬም በሥራ ላይ ነው። ግኑ ኮቦል የተባለውን ነጻ ኮምፓይለር በራሱ ኮምፒዩተር ላይ የሚገነባ ሰው የፈተናውን ትእዛዝ ሲሰጥ የሚሄዱት እነዚያው ፈተናዎች ናቸው። በየመጨረሻቸውም ስንት እንዳለፉና ስንት እንደ ወደቁ ቈጥረው ያትማሉ።